ሕፃኑ እጁን ሲዘረጋ መሶቡ ላይ ምን ያገኛል?

በጎንደር ከተማም ሆነ ከዳባትና ከደባርቅ ወዲያ ባለው ደጋ፣ ሕፃን ልጅ ምግብ የሚጀምረው በሰው እጅ ነው፤ መጀመሪያ ይጋታል፣ ኋላ ይጎርሳል። ሲጋት እናቱ ወይም አያቱ ጭኗ ላይ አጋድማ ቀጠን ያለ አጥሚት በስኒ ወይም በመዳፏ ወደ አፉ ታፈስለታለች፤ ቢያለቅስም፣ ፊቱን ቢያዞርም፣ ስኒው ባዶ እስኪሆን መቀጠል እንደ እናትነት ወግ ይቆጠራል። ጉርሻው የሚመጣው ዘግየት ብሎ፣ ጥርስ ሲያወጣና መሶብ አጠገብ መቀመጥ ሲጀምር ነው። አሁን አሁን ደግሞ በስልክና ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ሦስተኛ መንገድ ይሰማል፤ ስድስት ወር የሞላውን ሕፃን ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ፣ ለስላሳ ምግብ ፊቱ አኑሮ፣ ራሱ አንስቶ እንዲበላ መተው። ወጣት እናቶች ይህን ለልጁ ነፃነት መስጠት ይሉታል፤ አያቶች ልጅን ለትንታ አሳልፎ መስጠት ይሉታል። ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ምግቡ በማን እጅ ወደ አፍ ይግባ በሚለው ላይ ነው። ማስረጃውን ሳገላብጥ የደረስሁበት ግን ለእኛ አገር ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ መኖሩ ነው፤ ሕፃኑ እጁን ሲዘረጋ መሶቡ ላይ ምን ያገኛል? የዚህ ሦስተኛ ዘዴ እምብርት፣ ማለትም የሕፃኑን ፈቃድ ማክበር፣ ለጎንደር እናት ዛሬውኑ ይጠቅማታል። የቤተሰቡ ምግብ ሳይለወጥ ዘዴውን በሙሉ መውሰድ ግን ሕፃኑን ይጎዳዋል።

ዘዴውን በእንግሊዝኛ «ቤቢ ሌድ ዊኒንግ» በሚል ስም ያስተዋወቁት በእንግሊዝ አገር ለረጅም ዓመታት በየቤቱ እየዞሩ እናቶችን የሚያማክሩ የጤና ባለሙያ የነበሩት ጂል ራፕሊ ናቸው፤ ከትሬሲ መርኬት ጋር የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ክርክራቸው ከታሪክ ይነሣል። በምዕራቡ ዓለም ሕፃናት በሦስትና በአራት ወራቸው ምግብ ይጀምሩ በነበረበት ጊዜ መቀመጥም ማላመጥም ስለማይችሉ ምግቡ ተፈጭቶ በማንኪያ መሰጠት ነበረበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ሕፃናት ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ይጥቡ የሚለውን ምክር ካጸና በኋላ ግን ምግብ የሚጀምረው ሕፃን ሌላ ሕፃን ሆነ፤ ይቀመጣል፣ ይጨብጣል፣ የጨበጠውን ወደ አፉ ይወስዳል፣ ጥርስ ባይኖረውም በድዱ ያደቅቃል። ታዲያ የአራት ወሩን ልጅ ምግብ ለስድስት ወሩ ለምን እናወርሰዋለን? ይላሉ። ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት ሕፃናት 59 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ለቀሩት ውሃ፣ የላም ወተት ወይም ሌላ ነገር ቀድሞ ይገባል። ያለጊዜው የተጀመረ ምግብ ቀጭን ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም፤ ቀጭንነቱም ልማድ ሆኖ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ይከተለዋል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ይገባል። በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ ያለው «ዊኒንግ» እዚያ አገር ምግብ ማስጀመር ማለት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ በቀጥታ ከተወሰደ ጡት ማስጣል ይሆናል። ይህ የትርጉም ስሕተት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፤ ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል፣ ምግቡ የሚመጣው በጡት ላይ ለመጨመር ነው። የጤና ባለሙያዎቻችን «ተጨማሪ ምግብ» የሚሉት ቃል ስለዚህ ትክክለኛ ቃል ነው።

ስለ መጋት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ የዘዴው ትልቁ ጥቅም የሚታየው ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ነውና። ተጋድሞ የሚያለቅስ ሕፃን አፍ ውስጥ ፈሳሽ ሲፈስ ሕፃኑ ትንፋሽ በሚስብበት ቅጽበት ፈሳሹ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባና ሳንባውን ሊያሳምም ይችላል። ከዚያ የማያንሰው ጉዳት በፍላጎቱ ላይ የሚደርሰው ነው። ሕፃን ሲርበው ወደ ምግብ ዘንበል ይላል፣ ሲጠግብ አፉን ይገጥማል፤ ይህ የመጀመሪያ ንግግሩ ነው። ይህን ንግግር የማይሰማ አመጋገብ ልጁን ከምግብ ጋር ያጣላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ የሕፃኑን ምልክት እያዩ፣ በዝግታ፣ እያነጋገሩና ራሱ እንዲበላ እያበረታቱ መመገብን ይመክራል። በባንግላዴሽ ገጠር እናቶች ይህን አመጋገብ እንዲለማመዱ በተደረገበት ሙከራ ሕፃናቱ በራሳቸው እጅ የሚጎርሱት ጉርሻ ጨምሯል፤ ያ ገጠር በድህነቱ ከእንግሊዝ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። የምግቡ ጥንካሬም የራሱ ጊዜ አለው። በእንግሊዝ አገር ኤቨን በተባለው አካባቢ ከልደት ጀምሮ የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ጓል ያለው፣ የሚታኘክ ምግብ ከዘጠኝ ወር በኋላ የጀመሩ ልጆች በሰባት ዓመታቸው አትክልትና ፍራፍሬ ያነሰ ይበሉ እንደነበርና የአመጋገብ ችግርም እንደበዛባቸው አግኝተዋል። አጥሚት እስከ ዓመቱ ብቻውን የሚሰጥበት ቤት ይህን የመማሪያ ጊዜ እያሳለፈው ነው።

እዚህ ድረስ የራፕሊ ወገን ረቷል። ቀጥሎ የሚመጣው ግን የዘዴው ዝምተኛ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ እርሱን ከማንም በፊት ያዩት አሜሪካ ውስጥ የሠሩት የሕፃናት ሐኪም ክላራ ዴቪስ ናቸው። ዴቪስ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ 15 ሕፃናትን ከ34 ዓይነት ምግብ መካከል የፈለጉትን እየመረጡ እንዲበሉ ተዉአቸው። ማንም አላስገደዳቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም፤ ሕፃናቱም በጤና አደጉ። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ሕፃን ሰውነቱ የሚሻውን በተፈጥሮው ያውቃል ብሎ ደመደመ። ዴቪስ ራሳቸው ግን ምስጢሩ ምግቦቹ በተመረጡበት ዝርዝር ውስጥ መሆኑን ተናግረዋል፤ ከ34ቱ አንዱም የተጣራ ወይም ስኳር የገባበት አልነበረም፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ሙሉ እህል ነበር። ከመልካም ዝርዝር ላይ እጅ የትም ቢያርፍ መልካም ነገር ያነሣል። ዝርዝሩ እንጀራና በርበሬ የገባበት ሽሮ ብቻ ከሆነ ግን የሕፃኑ ጥበብ የት ይደርሳል? ስለ ዘዴው የሚነገረው መልካም ዜና ሁሉ በዚህ ጥያቄ መመዘን አለበት።

ኒውዚላንድ ውስጥ በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተካሄደው ሙከራ በጉዳዩ ላይ ካሉት ሁሉ ይበልጥ የሚታመን ነው፤ 206 እናቶች ከእርግዝና ጀምረው ገቡበት፣ በዕጣ በሁለት ተከፈሉ፣ ውጤቱም ከ2016 እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። በራሳቸው የበሉት ሕፃናት በክብደት ከሌሎቹ አልተለዩም፤ ምግብ መምረጥና እንቢ ማለት ግን አነሰባቸው። ትን የማለቱ አደጋ በሁለቱም ወገን እኩል ሆኖ ተገኘ፤ በሰውነታቸው ያለው ብረትም አልተለየም። ወጣት እናቶች ይህን ውጤት ሲጠቅሱ የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ለእነዚያ ቤተሰቦች በእያንዳንዱ ማዕድ ላይ ብረት የበዛበት ምግብና ኃይል ሰጪ ምግብ እንዲያቀርቡ፣ የትኛው ምግብ እንደሚያንቅም ለይተው እንዲያውቁ ተደጋጋሚ ምክር ተሰጥቷቸዋል። የተፈተነው ተስተካክሎ የቀረበው ዘዴ እንጂ በስልክ የሚታየው አይደለም። ሌላው ማስረጃ ከሰሜን እንግሊዝ ከጌትስሄድ ነው፤ ከ600 በላይ ሕፃናት ሲታዩ 56 ከመቶዎቹ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ወደ ምግብ እጃቸውን ዘርግተዋል፣ 6 ከመቶዎቹ ግን እስከ ስምንት ወር አልዘረጉም። ስድስት ከመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚዘገዩት አቅማቸው የደከመ ሕፃናት የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ፣ ከሲታ የሆነ፣ ተቅማጥ የደጋገመው ሕፃን ራሱ እስኪያነሣ ድረስ እንጠብቀው ከተባለ ምግቡን በጣም በሚፈልግበት ጊዜ ያጣዋል።

እንዲህ ያለው ሕፃን በእኛ አካባቢ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 46 ከመቶዎቹ ለዕድሜያቸው አጭር፣ ማለትም የቀነጨሩ ሆነው አገኛቸው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ 41 ዝቅ ቢልም ከአገሪቱ አማካይ ከ37 በላይ ነበር። ክልሉ እህል በማምረት የሚታወቅ ስለሆነ የእህል ማነስ ብቻውን ይህን አያስረዳም። በአገር ደረጃ ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም የሚበቃቸውን ያህል የተመገቡት በ2016 7 ከመቶ፣ በ2019 11 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ችግሩ ሕፃኑ ዘንድ የሚደርሰው ምግብ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። የስድስት ወር ሕፃን ጨጓራ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ሰባት ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ አንድ የውሃ ብርጭቆ አይሞላም። በዚያች ቦታ ቀጭን አጥሚት ሲገባ ሆዱ ይሞላል፣ ጉልበት ግን አያገኝም። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለ ሕፃን ከጡት ሌላ ከምግብ 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል በቀን ያስፈልገዋል፤ ከዓመት በኋላ 550 ይደርሳል። ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ከሚያስፈልገው ብረት 97 ከመቶው ከምግብ መምጣት አለበት፤ የእናት ወተት መልካም ቢሆንም ብረቱ ጥቂት ነው። በ2016ቱ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገሪቱ ልጆች 57 ከመቶዎቹ የደም ማነስ የተገኘባቸው ስለሆነ ይህ ቁጥር የላብራቶሪ ወግ ብቻ አይደለም። ጤፍ ብረት አለው እየተባለ ሕዝቡ የሚጽናናበት ነገርም ግማሽ እውነት ነው። በጤፉ ውስጥ ከሚለካው ብረት ብዙው በአውድማ ላይ በከብት ሲወቃ ከአፈሩ የተጣበቀ ነው፤ ሰውነት ያንን ብረት እምብዛም አይወስደውም። እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ብረቱን ይዞ ያስቀራል፤ እርሾና ማብቀል ይቀንሱታል። ከተማ ውስጥ የተለመደው ብስኩት በሻይ አርሶ ማጉረስ ደግሞ ነገሩን ያብሳል፤ ሻይ የብረትን መንገድ ይዘጋል።

በዚህ ላይ ጾም አለ። ይህ ርእስ በጥንቃቄ መነካት ያለበት ቢሆንም ሊታለፍ አይገባም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባሉ፤ ሕፃናት ግን የመጾም ግዴታ የለባቸውም። ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ሕፃኑ በተግባር የሚጾመው በድስቱ ምክንያት ነው። እናት የጾሙን ዕቃ በፍስክ ምግብ ማስነካት ትፈራለች፤ ሌላ ድስት ላይኖራት ይችላል፤ ጎረቤት የቅቤ ሽታ ቢሸተው ምን ይላል ብላም ትሳቀቃለች። በመስከረም የተወለደ ሕፃን ስድስት ወር የሚሞላው በመጋቢት፣ አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ያ ልጅ ምግብ የሚጀምርባቸው ሳምንታት ቤት ውስጥ እንቁላል የማይሰበርባቸው ሳምንታት ናቸው። ዘዴው «ቤተሰቡ ከሚበላው ይብላ» ሲል በዚያ ወር ምን ማለቱ እንደሆነ አስቡት። መፍትሔው ጾምን መንካት አይደለም። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ሳሕን መለየት፣ እርሱንም የንስሐ አባት በአንደበታቸው እንዲባርኩት ማድረግ ነው። አንድ ካህን በክርስትና ዕለት ለእናትየዋ «የሕፃኑ ድስት አይጾምም» ቢሏት ከብዙ የግድግዳ ማስታወቂያ ይበልጥ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

በድስቱ ውስጥ ምን ይግባ ለሚለው ቀላሉ መልስ እንቁላል ነው። እዚህ ላይ ማስረጃው ሁለት ወገን አለው። በኤኳዶር ደጋ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር የሆናቸው ሕፃናት ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል ሲበሉ መቀንጨር 47 ከመቶ መቀነሱ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ተዘገበ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በማላዊ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ ግን በቁመት ላይ ለውጥ አልታየም። በማላዊ የሙከራው አካባቢ ሕፃናት ዓሣ ቀድሞውኑ ይበሉ ነበር፤ ለልዩነቱ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። በእኛ ደጋ ያለው የጃናሞራና የበየዳ ሕፃን በዚህ ረገድ ለኤኳዶሩ ይቀርባል፤ ዶሮ ደጅ ላይ አለች፣ እንቁላሉ ግን ለጨው፣ ለጋዝና ለደብተር ወደ ገበያ ይወርዳል። ከድሃ እናት ላይ ይህን ገቢ ውሰዱ ማለት ቀላል አይደለም። ሆኖም በሳምንት ሦስትና አራት እንቁላል ቤት ማስቀረት የሚቻልባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የማያስቀሩትም እንቁላል ለሕፃን ሆድ ይከብዳል በሚል ሥጋት ነው። ሥጋቱ መሠረት የለውም፤ በደንብ የተቀቀለ እንቁላል ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ይፈጨዋል።

የሚገርመው ዘዴው ለሚሻው ለስላሳና ለእጅ የሚመች ምግብ የአካባቢያችን ወጥ ቤት እንግዳ አለመሆኑ ነው። ገንፎን ውሰዱ። አጥሚትን ከእጅ ላይ የሚያፈሰው ቀጭንነቱ ነው፤ ገንፎ ግን ተቆርሶ ሕፃን መዳፍ ውስጥ ይቀመጣል። የተፈጨ ባቄላና ገብስ ተቀላቅሎ፣ እንቁላል ተመቶበት፣ በቅቤ ወይም በኑግ ዘይት ሲለሰልስ በማንኪያም በእጅም የሚበላ አንድ ምግብ ይሆናል፤ ማንኪያና እጅ የሚጣሉበት ምክንያት እዚህ ላይ ያልቃል። እንዳይጣበቅ ቁራሹ ትንሽና የረጠበ ይሁን። ወፍራም ሆኖ ሳለ ለመዋጥ እንዲቀል ደግሞ ውሃ ከማብዛት ይልቅ ጥቂት የገብስ ብቅል ዱቄት ይጨመርበት፤ ብቅል ገንፎን ጉልበቱን ሳይቀንስ ያላላዋል። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የእህልና የጥራጥሬ ቅልቅል በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ከተሠራው ፋፋ ጀምሮ በአገራችን ይታወቃል፤ እናቶች በቤታቸው የሚያስፈጩት ምጥን ዱቄትም የእርሱ ዘመድ ነው። በደጋው የደባርቅና የዳባት ድንች በጣት ልክ ተቆርጦ በደንብ ሲቀቀል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጨብጥ እጅ የተሠራ ይመስላል። ዱባም እንዲሁ፤ ከክረምት ማግሥት በየጓሮው አለ። ጉንቁል ሌላው ሀብት ነው፤ ባቄላው ሲበቅል ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ግን ልጣጩ ወጥቶ፣ እንደ ቅቤ እስኪላላ ተቀቅሎና ተደፍጥጦ ነው ለሕፃን የሚሆነው። ይህንንም በደጋ ማድረግ ትዕግሥትና ማገዶ ይጠይቃል፤ 2,850 ሜትር ላይ በተቀመጠችው ደባርቅ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። ወደ ደንቢያና ጎርጎራ ወረድ ሲባል የጣና ዓሣ አለ፤ እሾሁ በጣት እየተዳሰሰ ከወጣ ከሥጋ የሚቀል ነው። የከተማዋ እናት ሙዝና አቮካዶ ትጨምራለች። ሽሮውና ምስሩ ሁሉም ቤት አለ፤ የሚጎድለው አንድ እርምጃ ነው፤ በርበሬውና ጨው ከመግባታቸው በፊት የሕፃኑን ድርሻ ቀንሶ ማስቀረት፣ እንጀራውንም በዚያ አርሶ በቀጭኑ እየቀደዱ መስጠት። ይህ እርምጃ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ አያቶች ፍርሃት እንመለስ፤ ፍርሃታቸው ሊናቅ አይገባም። ትን ማለትና ማስመለስ መሞከር የተለያዩ ናቸው። በስድስት ወር ሕፃን ምላስ ላይ ምግብን ወደ ፊት የሚመልሰው ስሜት ከአዋቂ ይልቅ ወደ አፍ ደጃፍ ቀርቦ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ቁራሹ ገና ሩቅ ሳለ ሕፃኑ ፊቱ ይቀላል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ይተፋዋል። ይህ መከላከያው ነው። የሚያስፈራው ድምፅ የሌለው ነው፤ አያለቅስም፣ አያስልም፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ሕፃኑን ክንድ ላይ በደረቱ ደፍቶ ጭንቅላቱን ዝቅ በማድረግ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ በእጅ መዳፍ መምታት፣ ካልወጣ ገልብጦ የደረቱን አጥንት መካከል በሁለት ጣት አምስት ጊዜ መጫን፣ እየተፈራረቁም መቀጠል ነው። ሐኪም ቤት የሰዓታት መንገድ በሆነበት በሰሜን ተራሮች ሥር ይህን የማያውቅ ሰው ባለበት ቤት ሕፃን ለብቻው ሊመገብ አይገባም። በሌላ በኩል በእኛ አካባቢ ሕፃንን ለትንታ የሚያጋልጠው በራሱ ከሚያነሣው ድንች ይልቅ ቆሎ ነው። የተቆላ ገብስ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ በእንግዳ ፊት፣ በቡና ዙሪያ፣ በየኪሱ አለ፤ ታላቅ እኅት ለታናሿ አፍ ውስጥ ትጨምርለታለች። ቆሎ ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ዘዴው ቢመጣም ባይመጣም ይህ ክልከላ በመጀመሪያው መስመር መጻፍ አለበት። ሌላም የአገር ቤት አደጋ አለ። ሲመገብ የሚያስመልስ ሕፃን «እንጥሉ ወርዶበት ነው» ተብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ ሊወሰድ ይችላል፤ በምላጭ ወይም በወስፌ የሚደረገው ቆረጣ ደም በማፍሰስና በማመርቀዝ ሕይወት የሚያሳጣ ነው። ስለዚህ ሕፃናት በራሳቸው ይብሉ የሚል ማንኛውም ሰው ማስመለስ መሞከር ጤናማ መሆኑን ለእናትም ለአያትም ቀድሞ የማስረዳት ግዴታ አለበት። ከውጭ በሚመጣው ምክር ውስጥ ይህ የለም፤ ምክንያቱም ጸሐፊዎቹ እንጥል ቆራጭን አያውቁትም።

ማን ይጠብቀዋል የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብደኛል። ዘዴው አንድ አዋቂ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ሕፃኑ ፊት እንዲቀመጥ ይጠይቃል። የደጋዋ እናት በዚያ ሰዓት ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ በአጨዳ ወር ማሳ ላይ ናት፤ ሕፃኑ ያለው ስምንት ዓመት ባልሞላት ልጅ ጀርባ ላይ ነው። ከተማ ውስጥም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ነው፤ ልጇ ምግብ ሲጀምር እርሷ ሥራ ከገባች ሦስት ወር ሆኗታል፣ አመጋገቡ በሞግዚት ወይም በአያት እጅ ነው። በዚህ ሁኔታ መጋት ለምን እንደተመረጠ እረዳለሁ፤ ፈጣን ነው። እኔ የምቀበለው መካከለኛ መንገድ ይህ ነው። ጠዋትና ማታ እናት ወይም አባት በተቀመጡበት ማዕድ ሕፃኑ በእጁ ይብላ፤ አባት የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ነው የጻፍሁት፣ ማጉረስ በእኛ ባህል ለወንዶችም ክብር ነውና። ቀን ላይ ጠባቂ ያለው ሕፃን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወፍራም ገንፎ በማንኪያ ያግኝ፣ ማንኪያውም አፉን ሲከፍት ይግባ፣ ሲገጥም ይቁም። ለታናናሽ ሞግዚቶች ለስላሳ ያልሆነ ነገር በእጁ እንዳይሰጡት ይነገራቸው።

የንጽሕናው ተቃውሞም እውነት አለው። ሕፃኑ የሚዳኸው ዶሮና በግ በሚያድሩበት መሬት ላይ ከሆነ፣ ምግቡን የሚያነሣበት እጅ መሬቱን የነካው እጅ ነው። ሆኖም በዚምባብዌ ገጠር የተደረገ ትልቅ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳየው ትምህርት ሰጪ ነው፤ ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ መሥራቱ ብቻውን የልጆቹን ቁመት አልለወጠም፣ ምግባቸውን ማሻሻል ግን በመጠኑም ቢሆን ጨመረው። ንጽሕናን ምክንያት አድርጎ ምግቡን ማዘግየት ስለዚህ አያዋጣም። የሕፃኑን ሁለት እጅ በሳሙና ማጠብና ምግቡን መሬት ሳይነካ በሳሕን ላይ ማቅረብ በደባርቅ ብርድም ይቻላል። ምግብ ይባክናል የሚለው ግን ትንሽ ነገር ነው፤ የስድስት ወር ሕፃን የሚጥለው አንድ ጣት ድንች ነው፣ እርሱም ተማሪ ቤት የገባበት ደብተሩ ነው።

ይህ ሁሉ የጠገበ ሰው ክርክር ነው የሚል ካለ እርሱንም እሰማለሁ። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በጃናሞራና በበየዳ ድርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ወይም ጦርነት መንገድ በዘጋበት ወራት፣ ስለ ማንኪያና ስለ እጅ መከራከር አይቻልም፤ እናት ያገኘችውን ታበላለች፣ አገርም ምግብ የማድረስ ዕዳ አለበት። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የተገባው የመንግሥት ቃል መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ነው፤ ያ ቃል የሚፈጸመው በምክር ብቻ አይደለም። ነገር ግን እህል በገባበት ዓመትም ልጆች ይቀነጭራሉ፤ ያ የሚሆነው ቤት ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ሕፃኑ ስለማይደርስ ነው። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ባለሙያዎችን ወደ ገጠር ያሰማራች ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋም ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሕዝቡን በቋሚነት የሚከታተል የምርምር ጣቢያ አለው። ተስተካክሎ የቀረበውን ዘዴ በገንፎ፣ በድንችና በእንቁላል፣ በጾምና በፍስክ ወራት ለይቶ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ የኒውዚላንዱን ውጤት እየተረጎሙ ከመኖር ይህ ሙከራ ይቀድማል።

እስከዚያው ፍርዴ ይህ ነው። መጋት ይቅር። ማንኪያው አይጣል። ከስድስት ወር ጀምሮ በእያንዳንዱ ማዕድ አንድ ለስላሳ ነገር በሕፃኑ እጅ ይግባ፤ የሚያጠግበው ወፍራም ገንፎም አጠገቡ ይሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ቤት ስትገቡ ሕፃኑ በልቷል ወይ ብቻ አትጠይቁ፤ ድስቱን ክፈቱና እዩ። እናቶችና አያቶች ሆይ፣ ዛሬ ማታ የምትሠሩትን ሽሮ በርበሬው ከመግባቱ በፊት ለሕፃኑ ቀንሱለት።